የኦነሲሞስ ነሲብ 23 ክረምት

ጳጉሜን በገባ ቁጥር በቤተ ክርስቲያናችን አንድ የማይቀር ሥራ አለ። የአሮጌውን ዓመት ባነር አውርደን የአዲሱን እንሰቅላለን። «የመሻገር ዓመት»፣ «የመውጣት ዓመት»፣ «የእጥፍ በረከት ዓመት» እያልን ስንት ዓመት አሳለፍን! ባነሮቹን አጣጥፎ ዕቃ ቤት የሚያስገባው ወንድማችን አምና እንደ ዋዛ እንዲህ አለ፦ «አራት የመሻገር ዓመት እዚህ አስቀምጫለሁ። እኔ ግን ያው የኪራይ ቤት፣ ያው ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ።» ሁላችንም ሳቅን። ቤታችን ከገባን በኋላ ግን ንግግሩ አልለቀቀንም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ብዙዎቻችን የሕይወታችን ዓላማ የሚጀምረው በሩ ሲከፈት ነው ብለን እናምናለን። ቪዛው ሲመታ፣ ትዳሩ ሲሰምር፣ የአገልግሎት ቦታው ሲሰጠን ያን ጊዜ እንጀምራለን። እስከዚያ ያለውን ጊዜ የምናየው እንደ ሐኪም ቤት ወረፋ ነው፤ ስማችን እስኪጠራ አግዳሚ ላይ መቀመጥ። በጸሎታችንም የምንለምነው ይህ ወረፋ እንዲያጥርልን ነው።

ባለፈው ክረምት በቤት ኅብረታችን የአገራችንን ወንጌላውያን አማኞች ታሪክ እያነበብን ሳለ አንድ ሰው ላይ ደርሰን ብዙ ሳምንት ቆምን። ሌላውን ታሪክ ወደፊት እናነበዋለን ብለን ተውነው። ዛሬ የምናካፍላችሁ የእኚህን ሰው ነገር ነው። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን።

ኢሉባቦር ዝናብ የማይለየው አገር ነው። በጎሬና በሁሩሙ በኩል ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ፣ ቡናው ከዛፍ ጥላ ሥር በራሱ የሚበቅል፣ ምድሩ ከዓመት እስከ ዓመት አረንጓዴ የሆነ። በ1856 ገደማ በሁሩሙ አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደና ሂካ ብለው ጠሩት። ቃሉ በኦሮምኛ መፍታት ማለት ነው። የታሰረን መፍታት ይሆናል፤ እኛም በአማርኛ ሕልም መፍታት እንደምንለው ነገርን መፍታት፣ መተርጎምም ይሆናል። ልጁ ገና ሳያድግ አባቱ ሞተ። ቀጥሎም የባሪያ ነጋዴዎች ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ፣ ከደጋው ዝናብ እየራቀ ምጽዋ ደረሰ። እዚያ በ1870 የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሰጠው። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ፤ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ በምናገኘው ባሪያ ስም መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ በኅብረታችን ክርክር ተነሣ። ከመካከላችን አንዷ እኅት «እንግዲህ ባርነቱም ጌታ ያዘጋጀለት ወቅት ነበር ልንል ነው?» ብላ ጠየቀች። እንዲህ ብለው የሚሰብኩ አሉ። እኛ ግን ተነጋግረን አይደለም አልን። ልጅን ከእናቱ ጉያ ነጥቆ መሸጥ ወቅት አይባልም፤ ኃጢአት ነው። ዮሴፍ እንኳ ወንድሞቹን ይቅር ሲል ያደረጉበትን ክፋት መልካም ነበር አላላቸውም (ዘፍ. 50)። እግዚአብሔር ከክፉ ውስጥ መልካም ማውጣቱ ክፉውን ከክፋቱ አያነጻውም። ስለ ወቅት የምንናገረው ከዚያ በኋላ ስለመጡት ዓመታት ነው።

ወጣቱ ኦነሲሞስ ጥሪያቸውን ለማወቅ ብዙ አልተቸገሩም። ወደ ወገኖቻቸው ተመልሰው ወንጌልን ሊነግሩ ፈለጉ፤ አለቀ። ለዚህ እንዲዘጋጁ ወደ ስዊድን ተልከው በስቶክሆልም አጠገብ በዮሐንስሉንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ምጽዋ ተመልሰው ምሕረት ኃይሉ የተባሉትን የሚስዮኑን ባልደረባ አገቡና ሳይዘገዩ ጉዞ ጀመሩ። በደጋው በኩል መንገዱ ዝግ ስለነበር የተጓዙት በሱዳን በኩል ነው። ጊዜው የማህዲ አመፅ የተቀጣጠለበት ነበር። በሽታውም የመንገዱ መዘጋትም ተባብረው መለሷቸው፤ በ1882 ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተመለሱ። ለሁለተኛ ጊዜ በሌላ አቅጣጫ ሞከሩ። በ1886 እንጦጦ ደርሰው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተቀበሏቸው፤ ወደ ጅማ ማለፍ ግን አልተፈቀደላቸውም። አሁንም ተመለሱ።

ስለዚህ «ዝም ብሎ መጠበቅ» የምንለውን ነገር በእኚህ ሰው ሕይወት አናገኘውም። ሁለት ጊዜ ሄደዋል፣ ሁለት ጊዜ በሩ ተዘግቷል። ዕድሜያቸው ሠላሳ ገደማ ደርሷል። የተማሩለት ሥራ፣ የተጸለየላቸው አገልግሎት፣ የሚናፍቁት ሕዝብ ሁሉ ከተራራው ወዲያ ነው፤ እርሳቸው ከተራራው ወዲህ እምኩሉ ናቸው።

እምኩሉን በዓይነ ሕሊናችሁ እንድታዩልን እንወዳለን። ከምጽዋ ብዙ የማይርቅ የቆላ መንደር ነው። ወቅቱ ከደጋው የተገላቢጦሽ ነው፤ በሐምሌ ኢሉባቦር በዝናብ ሲርስ ያ ዳርቻ በሐሩር ይጠበሳል፣ ጥቂቷ ዝናብ የምትጥለው በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ነው። ከዝናብ አገር የመጣ ሰው ወቅቱ እንኳ እንደ ልጅነቱ በማይመጣበት ቦታ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብበት ምን ይሰማው ይሆን? ኦነሲሞስ የተሰማቸውን እኛ አንናገርላቸውም። የሠሩትን ግን እናውቃለን። ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ።

ወዲያው አንድ ችግር ገጠማቸው። ከቤታቸው ሲወሰዱ ልጅ ነበሩ። በልጅ ቋንቋ ጥጃ መጠበቅና መጫወት ይቻል ይሆናል፤ ኪዳንንና ጽድቅን፣ ስርየትንና ምልጃን ለሚናገሩ መልእክታት ግን አይበቃም። ለዓመታት በዐረብኛ፣ በትግርኛ፣ በአማርኛና በስዊድንኛ ተናጋሪዎች መካከል ኖረዋል። ቋንቋውን እንደ ልብ የሚናገርላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፤ ወደ አገሩ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ዝግ ነው።

በዚያው በ1886 አንድ የጣሊያን መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ሰዎችን ለባርነት ወደ ዐረብ ምድር የምትወስድ ጀልባ ያዘ። ከጀልባዋ ነጻ ከወጡት መካከል ዕድሜዋ ወደ አሥራ አራት የሚጠጋ አንዲት የኦሮሞ ልጅ ነበረች። ወደ እምኩሉ የሚስዮን ትምህርት ቤት አመጧት። አስቴር ጋኖ ትባላለች።

ከታሪኩ ሁሉ እጅግ የገረመን የእኚህ ሴት ሥራ ነው፤ ስማቸው ከመድረኮቻችን ብዙ አለመሰማቱም ያሳዝነናል። ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፤ ቋንቋውን ከሥሩ የሚያውቁና ትዝታቸው ጠንካራ መሆኑ ታየ። ለትርጉሙ የሚረዳ የቃላት መዝገብ እንዲያዘጋጁ ሥራው ለእርሳቸው ተሰጠ። 15,000 ያህል ቃላት ሰበሰቡ። እስቲ እናስላው፤ በቀን አሥር ቃል እንኳ ቢመዘገብ አንድም ቀን ሳይታለፍ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጃል። ከዚህ ሌላ በቃል ይነገሩ ከነበሩት የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌያዊ ንግግሮች 500 ያህል በጽሑፍ አስቀመጡ። ከእነዚህ መካከል የተወሰኑት በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ገብተዋል። እናታቸው ቤት እሳት ዳር የሰሙት ተረት ነው እንግዲህ በባዕድ ዳርቻ ፊደል ማስቆጠሪያ የሆነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ማን አገልግሎት ብሎ ይጠራው ነበር? ዛሬ አንዲት እኅት ተነሥታ «ጌታ ቃላት እንድለቅም ጠርቶኛል» ብትለን እኛ ራሳችን ምን እንደምንላት አናውቅም። ምናልባት እጃችንን ጭነን ወደ ሌላ ራእይ እንድትሻገር እንጸልይላት ነበር!

በ1893 አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በእምኩሉ ማተሚያ ቤት ታተመ። በ1899 ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ታትሞ ወጣ። የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝምና የመዝሙር መጽሐፍም ተርጉመዋል። ይህ ሁሉ የተሠራው ኦነሲሞስ ተከልክለው በተቀመጡበት ዘመን ነው። በ1882 ወይም በ1886 መንገዱ ቢከፈትላቸው ኖሮ በቃላቸው የሚሰብኩ አንድ ወንጌላዊ ሆነው ይገቡ ነበር፤ ለሚሰበስቡት ሕዝብ ግን በራሱ ቋንቋ የሚያነበው መጽሐፍ በእጃቸው አልነበረም። ይህን ስንል እግዚአብሔር መንገዱን የዘጋው ለዚህ ነው ብለን ለመፍረድ አይደለም፤ እርሱ ያውቃል። እኛ የምናየው ቀኑን በምን እንደሞሉት ብቻ ነው።

የገጠር ልጆች የሆንን ይህን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም። በነሐሴ ማጭድ ይዞ ማሳ የሚወርድ ገበሬ የለም። ማሳውን ያርማል። ጎንበስ ብሎ፣ ወገቡን ይዞ፣ በጭቃ ውስጥ ከጤፉ መሐል አረሙን እየለየ ይነቅላል። አዝመራው ገና አልታየም፤ ጎተራው ባዶ ነው፤ የሚጠብቀው ግን ጥቅምትና ኅዳር እስኪመጡ ተኝቶ አይደለም። ያዕቆብም ስለ ትዕግሥት ሲጽፍ ገበሬን ያነሣው (ያዕ. 5) ይህን የሚያውቅ አንባቢ ስለነበረው ይመስለናል። ከተማ ገብተን ወቅት ሲጠፋብን፣ መብራቱም ገበያውም ዓመቱን ሙሉ አንድ ሲሆንብን፣ ከነፍሳችንም ዓመቱን ሙሉ አዝመራ መጠየቅ ጀመርን። ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ባነር የሚያስፈልገን።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ኦነሲሞስ በ1904 ነቀምት ገቡ። ከስዊድን ከተመለሱ 23 ክረምት አልፏል፤ ዕድሜያቸው ወደ 48 ተጠግቷል። ለወለጋ ኦሮሞ ወንጌል ይዘው የደረሱ የመጀመሪያውም እርሳቸው አይደሉም። ከሚስዮኑ ባልደረቦች አንዱ የሆኑት ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1898 ቦጂ ደርሰው ማገልገል ጀምረው ነበር። ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ «እኔ ብሆን ይቆጨኝ ነበር» አለ። ሌሎቻችን ዝም አልን፤ እኛንም ይቆጨን ነበርና።

የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ቀድሞ ኩምሳ ሞረዳ የተባሉት፣ በክብር ተቀበሏቸው። አስቴርም አብረው ነበሩ። ትምህርት ቤት ተከፈተ። በሕዝቡ ቋንቋ መስበካቸው ግን ከአካባቢው ካህናት ጋር አጋጫቸው፤ በ1906 ነገሩ አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ደርሶ እንዲጋዙ ተፈረደባቸው። አጤ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት ይመለሱ፣ ነገር ግን አይስበኩ አሉ። እንግዲህ ተመልከቱ! ሃያ ምናምን ዓመት ጠብቀው ከደረሱበት ቦታ አፋቸው ተያዘ። ማስተማሩን ግን አልተከለከሉምና በትምህርት ቤታቸው ሕፃናቱን ማስተማር ቀጠሉ። የመስበክ ነጻነት ከልጅ ኢያሱ የተሰጣቸው በ1916 ነው። ሌላ አሥር ክረምት መሆኑ ነው።

ኦነሲሞስ ነሲብ በ1931፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ዐረፉ። ክረምቱ በወለጋ የሚገባበት ሰሞን ነበር። አስቴር ጋኖ ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው በ1964 ዐረፉ። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1959 ተመሥርታ አምስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ በእጃቸው የተለቀሙት ቃላት ያሉበት መጽሐፍም በወለጋ ቤቶች ይነበብ ነበር።

በቤት ኅብረታችን ንባቡ ያለቀው በጳጉሜን ነው። ባነሩ ዘንድሮም ተሰቅሏል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ነውና አልተቃወምንም፤ ያጣጠፈውም የሰቀለውም ያው ወንድማችን ነው። ሥራ ገና አላገኘም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ወለጋ ተወልደው ያደጉት እናቱ አጠገብ ደብተር ይዞ ይቀመጣል፤ እርሳቸው ቡና እያፈሉ የልጅነት ተረታቸውን በኦሮምኛ ይነግሩታል፣ እርሱም ይጽፋል። ያልገባው ቃል ሲያጋጥመው ያስቆማቸዋል፤ እሳቸውም እየሳቁ እንደገና ይጀምሩለታል። ባለፈው ሳምንት ስንጠይቀው ሠላሳ አንደኛው ላይ ደርሷል።