ሰሜን ናይጄሪያ በእንግሊዝ «ጥበቃ» ሥር

እንግሊዝ ሰሜን ናይጄሪያ በጥበቃዋ ሥር መሆኑን ያወጀችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው አገር ገና በሶኮቶ ኺላፋ እጅ ነበር፤ ሸይኽ ዑስማን ዳን ፎዲዮ (ረሒመሁላህ) በ1804 በጀመሩት ጂሃድ የተመሠረተው ኺላፋ ማለት ነው። «ጥበቃው» የመጣው በመድፍ ነበር፤ ካኖና ሶኮቶ በ1903 መጀመሪያ ተያዙ። ሱልጣን ሙሐመድ አጣሂሩ ከብዙ ተከታዮቻቸው ጋር ወደ ምሥራቅ ሂጅራ ወጡ፤ በጁላይ ወር ቡርሚ ላይ ሲዋጉ ተገደሉ። ከተረፉት ብዙዎቹ ጉዟቸውን ቀጥለው ሱዳን ገቡ። በጥቁር አባይ ዳር ያለችው ማይዉርኖ የምትጠራው በልጃቸው ስም ነው።

ኮሚሽነሩ ፍሬድሪክ ሉጋርድ በቂ ሰውም ገንዘብም ስላልነበረው በአሚሮቹ በኩል መግዛትን መረጠ። ግብር የሚሰበስቡት አሚሮቹ፣ የሚዳኙት «አልካሊ» የሚባሉት ቃዲዎች ሆነው ቀጠሉ። አሚር የመሾምና የመሻር ሥልጣን ግን የእንግሊዝ ሆነ፤ እጅ መቁረጥን የመሰሉ ቅጣቶችም ታገዱ። በ1914 ግዛቱ ከደቡቡ ጋር ተዋሐደ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ በሰሜኑ የሸሪዓ የወንጀል ሕግ በአዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተተካው በወረራው ማግስት ሳይሆን በ1960፣ ልክ በነጻነት ዋዜማ ነበር።