«ተወረሰ» ከማለታችን በፊት

«ቤት ተወረሰ» የሚለው ቃል ለእኛ ታሪክ አለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ትርፍ ቤት የነበራቸው ወላጆቻችን አስረክበው ዝም ከማለት በቀር ሌላ መንገድ አልታያቸውም። ብዙዎቻችን ያንን ዝምታ ይዘን አሜሪካ ገባን።

እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የቤት ገበያው ሲወድቅ ዝምታው ብዙ አስከፈለን። ሥራው ቢቀዘቅዝም ሞርጌጁ አልቀነሰም፤ ወለዱ ተለዋዋጭ የሆነባቸው እህቶች ክፍያቸው ጭራሽ ጨመረ። ከባንክ የሚመጣውን ደብዳቤ ሳንከፍት መሳቢያ ውስጥ እንከተው ነበር። ሰው ሲሞት በአንድ ሌሊት የምንሰበሰብ ሰዎች፣ የእህታችን ቤት መሸጡን የሰማነው ዕቃዋ ከተጫነ በኋላ ነው።

በዚህ አገር ግን ከፎርክሎዠር ለመዳን እርዳታ መጠየቅ የቆየ ነገር ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1933፣ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ሆም ኦውነርስ ሎን ኮርፖሬሽን የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ችግር ላይ የወደቀውን ብድር ከአበዳሪው ተረክቦ፣ ለባለቤቱ ቀስ በቀስ በ15 ዓመት የሚከፈል አዲስ ብድር ይሰጥ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ብድሮችን አደሰ፤ አብዛኞቹ ባለቤቶችም ቤታቸውን አተረፉ። ይኸው ድርጅት የጥቁሮችን ሰፈሮች በቀይ ቀለም ለይቶ ካርታ ማሠራቱም የታሪኩ አካል ነው። እርዳታ አለ ማለት ለሁሉም እኩል ይደርሳል ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የኦባማ መንግሥት «ሃምፕ» የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ብቁ ለሆኑ ሰዎች ወርሃዊ ክፍያቸው ከጠቅላላ ገቢያቸው ወደ 31 በመቶ እንዲወርድ የብድር ውላቸው ይሻሻል ነበር። ወረቀቱ ግን አድካሚ ነበር። አንዲት አባላችን ያንኑ ሰነድ ሦስት ጊዜ ልካለች። ሌላዋ ደግሞ «እኔ እጨርስልሻለሁ» ላላት ሰው ቀድማ ከፍላ ገንዘቧም ቤቷም ቀረ። የብድር ማሻሻያ እናስገኛለን የሚሉ ድርጅቶች ውጤት ሳያመጡ ክፍያ እንዳይቀበሉ የፌዴራል ደንብ የከለከለው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ነው።

ከ2014 ወዲህ ደግሞ ብድሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ በአብዛኛው፣ ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ካልዘገየ በቀር ፎርክሎዠር መጀመር አይችልም። እነዚያ አራት ወራት ወርቅ ናቸው። የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት፣ ሃድ፣ እውቅና የሰጣቸው አማካሪዎች ፎርክሎዠርን ለመከላከል ያለ ክፍያ ያማክራሉ፤ ከባንኩ ጋር በሚደረገው ንግግርም ያግዛሉ። በኮሮና ጊዜም ክፍያ ለጊዜው ማቆም ተፈቅዶ ነበር፤ በ2021 ደግሞ ኮንግረስ ለቤት ባለቤቶች 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መደበ። ፕሮግራሞቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። በሁሉም የተጠቀመው ግን ቀድሞ የጠየቀ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ዛሬ በማኅበራችን ደብዳቤ የደረሳት እህት ብቻዋን አትከፍተውም። አንዳችን አብረናት ተቀምጠን እናነባለን፣ ቀኑን እንመዘግባለን፣ አማካሪው ዘንድ አብረን ሄደን እናስተረጉማለን። ለጋሾቻችን፣ ድጋፋችሁ የሚውለው ለዚህ ነው። እህቶች፣ መሳቢያ ውስጥ ያለ ደብዳቤ ካለ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁት ኑ።