አርዱይኖ፦ ንጉሡ፣ መጠጥ ቤቱና ያልተጋበዘው ተማሪ

ያቺን ሚጢጢ መብራት መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ስናደርጋት ጮኸናል፣ አንዋሽም! አርዱይኖ ማን እንደሆነ የጠየቅነው ግን ቆይተን ነው። ስሙ የተወሰደው ጣሊያን ውስጥ ኢቭሪያ ከተማ ከነበረ መጠጥ ቤት ነው፤ የመጠጥ ቤቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1002 ከነገሠው ንጉሥ አርዱይኖ።

በ2005 በከተማው የዲዛይን ተቋም የነበሩት እነማሲሞ ባንዚ ረከስ ባለ ቺፕ፣ በኤቲሜጋ8፣ ለተማሪ ኪስ የሚሆን ሰሌዳ ሠሩ። እሰየው! መሠረቱ ግን ዋየሪንግ ነው፤ ኮሎምቢያዊው ኤርናንዶ ባራጋን በ2003 ጀምሮ ለማስተርስ መመረቂያው የሠራው። ከአማካሪዎቹ አንዱ ማን ነበር? ራሱ ባንዚ።

ሥራው ለሁሉም ክፍት ስለነበር ሌብነት አንለውም። ባራጋን ግን አልተጋበዘም፤ በ2016 ታሪኩን ራሱ ጽፎ አወጣ። እኛስ? ዛሬም «ፒንሞድ»፣ «ዲጂታልራይት» እያልን የምንጽፈው ከእሱ ዋየሪንግ የመጣውን ነው።