የቬሳሊየስ መጽሐፍና አንባቢዎቹ

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ ክሪስቲ ባካሄደው ጨረታ በ1555 የታተመ አንድ የላቲን መጽሐፍ ከ2.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። የገዛው የቤልጂግ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ነው። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ሰው አካል ነው። የመጀመሪያ ዓመት የሕክምና ተማሪ ከያዘው መማሪያ ጋር ቢያስተያየው ብዙ ስሕተት ያገኝበታል፤ ይዘቱን ማየት ለሚፈልግም በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ ለምን ወጣ? ብርቅ ስለ ሆነ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን የድሮ የሕክምና መጽሐፍ ለታሪክ የሚጠቅመው ደራሲው እውነቱን ስለ ደረሰበት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። እያንዳንዱ ቅጂ ትምህርቱን ማን እንደ ተቀበለው፣ ማን እንደ ተጠራጠረው፣ ማን እንዳፈረበት ይናገራል። የሕክምናን ታሪክ የአግኚዎች ዝርዝር አድርገን ስንጽፍ የሚቀርብን ይህ ነው።

ደራሲው አንድሪያስ ቬሳሊየስ በ1514 ብራስልስ ተወልዶ ሉቨንና ፓሪስ ከተማረ በኋላ፣ በ1537 ገና በ22 ዓመቱ ፓዱዋ ላይ የቀዶ ሕክምናና የአናቶሚ መምህር ሆነ። የዘመኑ ወግ መምህሩ ከፍ ካለ ወንበሩ ላይ ሆኖ የጥንቱን ሐኪም የጋለንን ድርሰት ማንበብ፣ ቢላዋውን ደግሞ ሌላ ሰው መያዝ ነበር። ቬሳሊየስ ከወንበሩ ወርዶ አስከሬኑን በገዛ እጁ ይበልት ጀመር። የፓዱዋው ዳኛ ማርካንቶኒዮ ኮንታሪኒ በሞት የተቀጡ ሰዎችን አስከሬን ፈቀደለት፤ ያም ሲያልቅ ተማሪዎቹ መቃብር ከመዝረፍ አልተመለሱም። ብዙ አካል ባየ ቁጥር በ2ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጋለን የሰውን ሳይሆን የጦጣንና የሌላ እንስሳን አካል እንደ ገለጸ እየተረዳ ሄደ። ጋለን የታችኛውን መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ይላል፤ የሰው ግን አንድ ነው። ይህን ሁሉ ሰብስቦ በ1543 ባዝል ውስጥ፣ በኦፖሪኑስ ማተሚያ ቤት «ስለ ሰው አካል አሠራር» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። ከ600 ገጽ የሚበልጠው ይህ መጽሐፍ ከ200 በላይ ሥዕሎች አሉት። ሥዕሎቹ የተቀረጹት ቬኒስ ውስጥ በፒር ዛፍ እንጨት ላይ ሲሆን፣ እንጨቶቹ በጥንቃቄ ታሽገው የአልፕስን ተራራ በበቅሎ ተሻግረው ነው ባዝል የገቡት። ቆዳቸው ተገፎ ጡንቻቸው ብቻ የቀረ ሰዎች ኮረብታና ከተማ ከበስተኋላቸው አድርገው ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ጡንቻ ላይ ጥቃቅን ፊደላት ተጽፈዋል፤ አንባቢው ፊደሏን ይዞ ማብራሪያዋን ከጎን ይፈልጋል። የምዕራፎቹ መክፈቻ ፊደላት እንኳ ሥራ አልፈቱም፤ ውስጣቸው የተሳሉት ሕፃናት አስከሬን ይሰርቃሉ፣ አሳማ ይቀድዳሉ። ደራሲው ሥራው ምን ያህል የሚያሳፍር እንደ ነበር ለመደበቅ አልሞከረም።

ዋናው ነገር ቢላዋውና ዓይኑ ነው፣ መጽሐፉ የውጤቱ ማስቀመጫ ብቻ ነው የሚል ሊነሣ ይችላል። ለዚህ መልሱ ኢብን አል ናፊስ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን በካይሮ የሠራው ይህ የደማስቆ ተወላጅ ሐኪም፣ ጋለን ካለው በተቃራኒ በቀኝና በግራ የልብ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ቀዳዳ የለውም፣ ደሙ የሚያልፈው በሳንባ በኩል ነው ብሎ ጽፏል። ትክክል ነበር። የዘመናችን የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በሰፊው ያወቁት ግን አንድ ግብፃዊ ሐኪም በ1924 በርሊን ውስጥ የእጅ ጽሑፉን መርምሮ ካወጣው በኋላ ነው። ቬሳሊየስ በዚሁ ጉዳይ ከእሱ ያነሰ ነው፤ በ1543 እትሙ ደሙ ዓይን በማያየው ቀዳዳ ማለፉን ተቀብሎ የፈጣሪን ጥበብ ከማድነቅ አላለፈም፤ በ1555 ባወጣው ሁለተኛ እትሙ ግን ጥርጣሬውን ገልጦ ጻፈው። ትክክል የነበረው ሳይሆን የተጠራጠረው ሰው በመላው አውሮፓ መነጋገሪያ የሆነው፣ አንድ ዓይነት ሥዕል ያለው መጽሐፍ በብዙ ሰው እጅ ስለ ነበረ ነው። ፓዱዋ ያለው ሐኪምና ፓሪስ ያለው ተቃዋሚ ስለ አንዲት ፊደል ሊከራከሩ ይችሉ ነበር። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የገዛ መምህሩ ሲልቪየስ ነው፤ በ1551 ባወጣው ጽሑፍ የድሮ ተማሪውን እብድ ብሎታል።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ አንባቢዎቹ ይዞራል። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት የ1543ንና የ1555ን እትሞች በየአገሩ ፈልጎ ከ700 በላይ ቅጂዎችን መዝግቧል፤ እየገለጠም በኅዳጋቸው የተጻፈውን አንብቧል። ዛሬ ሁሉም የሚያደንቀው ሥዕሎቹን ነው፤ የጥንቶቹ አንባቢዎች ግን በብዛት ያሰመሩትና ማስታወሻ የጻፉት በጽሑፉ ላይ ነው። የመራቢያ አካላት ምዕራፍ ብዙዎችን ስቧል፤ አንዳንዶች ደግሞ ያንኑ ሥዕል በቀለም ሸፍነውታል፣ እስከ መቁረጥም የደረሱ አሉ። ይህን ከታተመው ቃል ብቻ ማወቅ አይቻልም። በጨረታው የተሸጠው ቅጂም ዋጋው ከዚሁ የመጣ ነው፤ በውስጡ ያለው የእጅ ጽሑፍ የቬሳሊየስ የራሱ መሆኑ ታውቋል። ሳይታተም ለቀረ ሦስተኛ እትም ሲዘጋጅ የጻፈው ነው። የሚገርመው እርማቱ በአብዛኛው የላቲን አጻጻፉን ማቃናት መሆኑ ነው። ፓዱዋን ለቅቆ በንጉሠ ነገሥት ቻርልስ አምስተኛ ቤት ሐኪም ከሆነ ወዲህ እንደ ድሮው አስከሬን አላገኘም፤ ብዕሩ ግን አልደረቀም። ጀግናው አግኚ በመጨረሻ ዘመኑ ዓረፍተ ነገር ሲያሳምር እናገኘዋለን፤ እኔ ይህን ከሐውልቱ ይልቅ አምነዋለሁ።

ቅጂ ሲባል የተሰረቀውም ይቆጠራል። ቶማስ ጌሚነስ በ1545 ለንደን ላይ፣ ስፔናዊው ቫልቬርዴ በ1556 ሮም ላይ ሥዕሎቹን በመዳብ እያስቀረጹ አሳተሙ። ቬሳሊየስ ተናደደ፤ እውነትም ነበረው። ይሁንና ቫልቬርዴ የጻፈው በስፔንኛ ነው፤ የጌሚነስም ቆይቶ በእንግሊዝኛ ወጥቷል፤ ላቲን የማያውቅ ቀዶ ጠጋኝ ትምህርቱን ያገኘው በእነዚህ በኩል ነው።

አሁን ጠንካራው ተቃውሞ ይቀራል፤ የተረፉት ቅጂዎች አንባቢን ሁሉ አይወክሉም የሚለው። ልክ ነው። ቬሳሊየስ በዚያው በ1543 ለተማሪ የሚሆን አጭር መጽሐፍም አውጥቶ ነበር፤ ሥዕሎቹ በመቀስ ተቆርጠው አንዱ ብልት በሌላው ላይ እንዲለጠፍ የተሠሩ ናቸው። ተማሪዎቹ እንደ ታዘዙት ቆረጡ፣ ለጠፉ፣ ጨረሱት፤ ስለዚህ ዛሬ ከትልቁ መጽሐፍ ይልቅ የሚጠፋው ትንሹ ነው። በብዛት የደረሰን የባለጠጎችና የቤተ መጻሕፍት ቅጂ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ደም የነካው አይደለም። ግን ይህ ተቃውሞ ራሱ የቆመው ቅጂዎቹን በመቁጠር ነው። የትኛው እንዳለቀ የምናውቀው የተረፈውን በየመደርደሪያው ፈልገን ስናስተያይ ነው፤ ከአንድ ጥሩ ቅጂ ላይ የተነሣ ፎቶ ደግሞ ይህን አያሳይም። የሥዕሎቹ እንጨቶች እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ቆይተው በ1934 እንደገና ታትሞባቸው ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ሙኒክ ላይ በወረደ ቦምብ ጠፉ። ከዚያ ወዲህ መስመሮቹ እንጨቱ ላይ ምን ያህል ቀጭን እንደ ነበሩ የሚጠይቅ ሰው ወደ ቅጂዎቹ ብቻ ይሄዳል፤ ቀድሞ የታተመውንና ዘግይቶ የታተመውንም ጎን ለጎን ማየት አለበት።