ጥረዛና ድጉሰት በቢቸናና በሞጣ አገር

ጥረዛ የታጠፉ የብራና ወይም የወረቀት ቅጠሎችን በክር ሰፍቶ መጽሐፍ ማድረግ ሲሆን፣ ድጉሰት ደግሞ የተጠረዘውን በእንጨት ገበታና በቆዳ አልብሶ ቆዳውን በጋለ ብረት ማስጌጥ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም የእነማይ ወረዳ ከተማ ቢቸናና የሁለት እጁ እነሴ ከተማ ሞጣ ያሉበት አገር የመጻሕፍት አገር ነው፤ ደብረ ወርቅ ማርያምና ዲማ ጊዮርጊስ፣ በእቴጌ እሌኒ የታነጸችው መርጡለ ማርያም፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል የተከለችው ሞጣ ጊዮርጊስ ሁሉ በዚያው ይገኛሉ፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን ከቀሰሙባቸው ቦታዎች ደብረ ወርቅና ዲማ ይቈጠራሉ። ዕለት ዕለት በሚገለጥ መጽሐፍ ከፊደሉ አስቀድሞ የሚደክመው ስፌቱ ነውና፣ በእንዲህ ያለ አገር መርፌ መያዝ የሚችል ሰው ሥራ አያጣም።

ጥንታዊው ስፌት ሰንሰለታዊ ነው። ጥራዙ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ቅጠል ይይዛል (ትምህርቱን ሳይፈጽም ሊቅ ነኝ የሚለውን «ጥራዝ ነጠቅ» የሚያሰኘውም ይኸው ጥራዝ ነው)፤ እጥፋቱ ላይ ሁለት ጥንድ ቀዳዳ ተበስቶ፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ክር በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ ይዞ ይገባል፣ ሲወጣም ከቀደመው ጥራዝ ስፌት ሥር እየታለፈ ይቈለፋል። ክሩ ቀድሞ ከጅማት ይገመድ ነበር፤ ዛሬ ናይሎን ተክቶታል። ጀርባው በሙጫ ስለማይደርቅ መጽሐፉ በአትሮኖስ ላይ ሲዘረጋ ያለ ተቃውሞ ይተኛል፤ በእኔ አስተያየት የዚህ ጥበብ ትልቁ ክብር ከመስቀሉና ከሐረጉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው። የእንጨት ገበታው በጠርዙ ተበስቶ በዚያው ክር ይያያዛል፣ ቆዳው በዱቄት ሙቅ ይለጠፋል፣ ከዚያም ደጓሹ ብረቱን በፍም አግሎ መስቀሉን መካከል ላይ ያትማል። የተጠናቀቀው መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ገብቶ ከግድግዳ ይንጠለጠላል።

የጥበቡን ጥንታዊነት ለማየት በዓድዋ አጠገብ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ይበቃሉ፤ ብራናቸው በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ ሆኖ ተገኝቷል። የታሪክ ምሁሩ ሥርግው ሀብለ ሥላሴም በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ አሠራር ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትመዋል።

በውጭ አገር ይህን ሰንሰለታዊ ስፌት ለትርፍ ጊዜ ደስታ የሚማሩ ብዙዎች ናቸው፤ በአገሩ ላለ ሰው ግን መሣሪያው ከቤቱ አይርቅም፤ እናቱ ስፌት የምትሰፋበት ወስፌ፣ ሁለት መርፌ፣ በሰም የታሸ የጥጥ ክርና በአምስት አምስት ሉክ የታጠፈ ወረቀት ለጀማሪ ይበቃል። ጀማሪ የሚስተው ክሩን ወደ ላይ ሲስብ ነው፤ ወረቀቱ ከቀዳዳው ይተረተራል። ክሩ በእጥፋቱ አግድመት መሳብ አለበት፣ ያውም ጥራዙ እንዳይነቃነቅ እስኪጠብቅ ድረስ ብቻ። ድጉሰት ግን ከደጓሽ ዘንድ ተቀምጦ ካላዩት አይገኝም፤ የጋለው ብረት አንድ አፍታ ከቈየ ቆዳውን ያሳርረዋል፣ ከቸኰለም ምልክት አይተውም።

ገበታው ሲሰነጠቅ የቀደሙት ሰዎች ሁልጊዜ በሌላ አይለውጡትም ነበር፤ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀዳዳ በስተው፣ ቅል እንደሚሰፋ፣ በጠፍር ሰፍተው ወደ ንባቡ ይመልሱት ነበር።