ተሳቢ ውስጥ ማደር፦ ከወንድሜ ግቢ እስከ ጃንሆይ እንግዶች

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ስልክ ነው። ዴንቨር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ያገለገለ ዝግ ተሳቢ ገዝቶ፣ ለሚስቱና ለሁለት ልጆቹ የመንገድ ማደሪያ ሊያደርገው እየታገለ መሆኑን በቪዲዮ አሳያት። ተሳቢ ስል ሲኖትራክ የሚጎትተውን እንዳታስቡ። በቤት መኪና የሚጎተት፣ መስኮት የሌለው የዕቃ ማጓጓዣ ሳጥን ነው፤ ስፋቱ 6 ጫማ፣ ርዝመቱ 12። እናቴ አየችና ዝም አለች። ማታ ለእኔ ደወለችና «ልጄ ቤት አጥቶ ነው፣ አትደብቁኝ» ብላ አለቀሰች።

ላጽናናት ብዬ የተሳቢ ቤትን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ግን ሁሉም የሚያጽናና አልሆነም።

ይሄ ነገር አሜሪካ ውስጥ ከፋብሪካ አልጀመረም፤ ከቤተሰብ ጣጣ ነው የጀመረው። በ1929 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አርተር ሸርማን የሚባል የዲትሮይት የባክቴሪያ ተመራማሪ ቶሎ ይዘረጋል የተባለ ባለ ድንኳን ተሳቢ ገዝቶ ቤተሰቡን ለሽርሽር ወሰደ። ዝናብ መጣ፣ ድንኳኑ አልዘረጋ አለ፣ ቤተሰቡ በሰበሰ። ሰውዬው ተናዶ ተመለሰና 6 ጫማ በ9 ጫማ የሆነ ጠንካራ ሳጥን በጎማ ላይ አሠራ። ልጆቹ ሲያሾፉ «ሽፍን ጋሪ» አሉት፤ የድሮ ሰፋሪዎች ወደ ምዕራብ የተጓዙበት ጋሪ ስም ነው። ጎረቤት አይቶ ለእኔም አለ፣ ሌላውም ለእኔም አለ። በ1936 የሸርማን ኩባንያ በአገሩ ትልቁ የተሳቢ ቤት አምራች ሆኖ ነበር።

ሁለተኛው ሰው ዋሊ ባየም ነው። በልጅነቱ ኦሪገን ውስጥ በግ ሲጠብቅ አህያ በምትጎትታት ጋሪ ውስጥ ያድር ነበር። አድጎ ሎስ አንጀለስ ገባና ሚስት አገባ። ሚስቱ ማሪዮን ደግሞ መሬት ላይ መተኛት አልወደደችም፣ ያለ ወጥ ቤትም አልሄድም አለች። (የወንድሜ ሚስትም ቃል በቃል ይህንኑ ነው ያለችው። ሽሮ የማይሠራበት ከሆነ ብቻህን ሂድ!) ባየም በፎርድ ሞዴል ቲ ሻንሲ ላይ ድንኳን ተከለ፣ አልሆነም። ከዚያ ጠንካራ አካል ሠራለት፤ ንድፉንም ቤታቸው ለሚሠሩ ሰዎች ይሸጥ ጀመር። ወለሉን በጎማዎቹ መሀል ዝቅ በማድረጉ ሰው ውስጡ ቆሞ መሄድ ቻለ። በ1936 እንደ አውሮፕላን በአሉሚኒየምና በሪቬት የተሠራውን ክሊፐር አወጣ፤ ዋጋው 1,200 ዶላር፣ አራት ሰው የሚያስተኛ። ኤርስትሪም የሚባለው ዛሬም ያለ ኩባንያ የእሱ ነው።

አሁን ወደማያጽናናው ልምጣ። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር። አንዱ ለሽርሽር የሚጎትተውን ተሳቢ ሌላው ቤት ስላጣ ይኖርበት ነበር፤ ከውጭ ሲታዩ ደግሞ አይለዩም። ሮጀር ባብሰን የተባለ የታወቀ የኢኮኖሚ ተንታኝ በሃያ ዓመት ውስጥ ከአሜሪካ ሕዝብ ግማሹ ተሳቢ ውስጥ ይኖራል ብሎ ተንብዮ ነበር። አልደረሰም እንጂ! ከተሞች ግን ደንግጠው ክልከላ አወጡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም መንግሥት ራሱ በአስር ሺዎች እየገዛ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞችን አስፍሮባቸዋል። እናቴ እኮ በደመ ነፍስ የጠረጠረችው ያለ ነገር ነው።

የወንድሜን ሥራ በቪዲዮ አየሁት። አልጋውንና ቁም ሳጥኑን በወፍራም ኮምፔንሳቶ ሠርቶ ጨርሷል፣ የጣሪያ ማናፈሻ ግን ገና አልበሳም። አራት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ እንጨቱም ይሻግታል። ሽሮው ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የከሰል ጭስ ስንቱን እንደነጠቀን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም፣ ጋዝም በዝግ ቦታ ያሰጋል። ሌላው ክብደት ነው። ተሳቢው ላይ ከነጭነቱ ከ2,990 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1,350 ኪሎ ገደማ እንዳያልፍ ተጽፏል። 80 ሊትር ውሃ ብቻውን 80 ኪሎ ነው፤ የኮምፔንሳቶውን እናንተ ደምሩት። «እስኪ ሚዛን ላይ አውጣው» አልኩት። ተናደደ፤ በሳምንቱ ግን ግማሹን ቁም ሳጥን ነቅሎ ፎቶውን ላከልኝ።

በዚያው ፊት ለፊት ጠየቅኩት፤ «እውነቱን ንገረኝ፣ ቤት ልትለቅ ነው?» ሳቀ። ሽርሽር ነው አለ፤ የሆቴሉን ዋጋ ለአራት ሰው አስልቶ ነገረኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን «ኪራዩ እንዲህ ከቀጠለ... ሳላስበው ቀርቼ አይደለም» አለኝ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ፌስቡክ የላትም፣ እናንተም አፋችሁን ያዙ።

ለእሷ የነገርኳት ሌላ ታሪክ ነው። በ1959 ባየም 41 ተሳቢ ቤቶችንና ከመቶ በላይ ሰዎችን አስከትሎ ከኬፕታውን ካይሮ ለመድረስ ተነሳ። ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ነበሩ። ከኬንያ ተነስተው በዚያ ዘመን መንገድ አገራችን ገቡ፤ በእኛ 1952 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላይም ጃንሆይ ተቀበሏቸው። ያ ብርማ ተሳቢ በእኛ አፈር ላይ ተጎትቷል ማለት ነው!

እናቴ ይህን ስትሰማ ትንሽ አሰበችና «ጃንሆይ ካዩትማ ደህና ነው። መጋረጃ ግን ይስቀልበት» አለች።

የሞያሌ፣ የያቤሎ፣ የዲላ ልጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ፤ ልጅ ሳሉ እንደ መስታወት የሚያበራ ቤት በመኪና ሲጎተት ያየ ሰው ካለ፣ ቃሉን በድምፅ ቅዱና በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ፎቶ ያለውማ ካለ እኔው ራሴ እመጣለሁ።