ግንበኛው መምህርና የበርሊን መዘምራን

የዮሐን ሴባስትያን ባኽ «የማቴዎስ ሕማማት» በርሊን ውስጥ ዳግም የተሰማበት ቀን ማርች 11 ቀን 1829 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ2029 ሁለት መቶ ዓመት ይሞላዋል። በዚያ ምሽት የዘመሩት 158 ያህል ሰዎች በሙያቸው ዘማሪዎች አልነበሩም። ለፍቅሩ ሲሉ በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ የሚለማመዱ የከተማዋ ነዋሪዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም ነበሩ። ፊታቸው ቆሞ የመራቸው ፌሊክስ ሜንደልሰን ገና የሃያ ዓመት ወጣት ነበር።

ባኽ ሥራውን የጻፈው ለላይፕዚግ ቤተ ክርስቲያን የስቅለት ዕለት አገልግሎት ነው። እኛ በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማትን እንደምናነብ፣ እነሱም የጌታን መከራ ከማቴዎስ ወንጌል ቃል በቃል እየዘመሩ ይሰሙ ነበር። ሥራው ሁለት የመዘምራን ክፍልና ሁለት ኦርኬስትራ ይፈልጋል። ባኽ በ1750 ከሞተ በኋላ ሥራው እየተረሳ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ከአንድ ምስክር ነው። ኤድዋርድ ዴቭሪየንት የበርሊን ኦፔራ ባሪቶን ዘፋኝ ነበር፤ በዚያ ምሽትም የክርስቶስን ድምፅ ይዞ የዘመረው እሱ ነው። ትዝታውን በመጽሐፍ ያሳተመው በ1869፣ ከነገሩ አርባ ዓመት በኋላ ነው። እንደ እሱ አተራረክ፣ በ1829 መጀመሪያ እሱና ፌሊክስ ሥራውን ለሕዝብ ለማቅረብ እንዲፈቅዱላቸው የመዘምራኑን መሪ ካርል ፍሪድሪኽ ዜልተርን ሊለምኑ ይሄዳሉ። አዛውንቱ ክፍላቸው በትንባሆ ጢስ ታፍኖ ተቀምጠዋል። ሐሳቡን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ ታላላቆች ያልደፈሩትን እናንተ ልጆች እንዴት ትደፍሩታላችሁ ይላሉ። ፌሊክስ ተስፋ ቆርጦ በሩን ሊከፍት ሲል ዴቭሪየንት ግን አይለቅም፤ ይከራከራል፣ ያባብላል፣ በመጨረሻ ያሸንፋል።

ጥሩ ትረካ ነው። ግን ማን ጀግና ሆኖ እንደወጣ ልብ ይሏል፦ ተራኪው ራሱ። ዜልተር በ1832 አርፈዋል፤ ሜንደልሰንም በ1847። መጽሐፉ ሲታተም ከሁለቱ አንዱም መልስ ሊሰጥ አይችልም ነበር። ዜልተር ተቆጥተው ይሆናል፤ ቁጡ መሆናቸውን ወዳጆቻቸውም ይናገሩ ነበር። ሥራውን የሚፈሩ ወይም የማይወዱ ሰው ነበሩ ማለት ግን ከዚያ በፊት ከነበሩት ሠላሳ ዓመታት ጋር አይስማማም።

ዜልተር የግንበኛ ልጅ ነበሩ፤ ራሳቸውም በግንበኝነት ሙያ እስከ ማስተርነት ደርሰዋል። ሙዚቃን በኋላ ተምረው የባለቅኔው የጎተ የቅርብ ወዳጅ ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው። «ዚንግ አካዴሚ» የተባለውን የመዘምራን ማኅበር በ1791 የመሠረቱት ካርል ፋሽ ሲሆኑ፣ እሳቸው በ1800 ሲያርፉ ዜልተር ተረከቡት። የባኽ ሞቴቶች ልምምድ በፋሽ ጊዜ ተጀምሮ ነበር። ዜልተር ደግሞ ከ1811 ወዲህ የባኽን ትልቁን ቅዳሴ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከማቴዎስ ሕማማት ክፍሎችን መርጠው ከመዘምራኑ ጋር በዝግ አጠኑ። ለሕዝብ አላቀረቡትም፤ ኦርኬስትራውም አድማጩም ገና አልደረሰም ብለው ያምኑ ነበርና። ስለዚህ ፌሊክስ በ1829 ፊታቸው ቆሞ የመራቸው መዘምራን ባኽን የማያውቁ አልነበሩም። ጉሮሯቸው በዚያ ሙዚቃ የተገራ ነበር።

ፌሊክስም ቢሆን የዜልተር ተማሪ ነው። የድምፆችን ቅንብር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በ1820 እሱና እህቱ ፋኒ ወደ ማኅበሩ ገቡ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዜልተር ልጁን ይዘው ቫይማር ድረስ ሄደው ከጎተ ጋር አስተዋወቁት።

ፌሊክስ የማቴዎስ ሕማማትን ኖታ ያገኘበት ነገርም አከራካሪ ነው። ዴቭሪየንት የፌሊክስ አያት ቤላ ሳሎሞን በ1823 የገና ስጦታ አድርገው ሰጡት ይላል፤ በ1824 መጀመሪያ የልደት ስጦታ ነበር የሚሉም አሉ። ቀኑ ከሚያጨቃጭቀን ይልቅ የአያቲቱ እህት ሣራ ሌቪ ቢታወሱ ይሻላል። እሳቸው ከባኽ ታላቅ ልጅ ከቪልሄልም ፍሪዴማን ሃርፕሲኮርድ የተማሩ፣ ከማኅበሩ አባላት ጋር የተጫወቱና የሰበሰቧቸውን የባኽ ኖታዎች ለማኅበሩ የሰጡ ሴት ናቸው። የባኽ ፍቅር ወደ ሜንደልሰን ቤት የመጣው በእነዚህ ሴቶች በኩል ነው።

ምሽቱ ራሱ ተሳካ። ንጉሡ መጡ፤ ፈላስፋው ሄገልም ከአድማጮቹ መካከል ነበር። ሜንደልሰን ብዙ ሶሎዎችን ቆርጦ አውጥቷል፤ ያቺ ከተማ የሰማችው ሙሉውን ሥራ አልነበረም። ከኦርኬስትራው ተጫዋቾች ብዙዎቹም አማተሮች ነበሩ። ማርች 21፣ በባኽ ልደት ቀን፣ ተደገመ። ለስቅለት ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀርብ ፌሊክስ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ስለነበር፣ መሪው ዜልተር ሆኑ። ሥራውን ጠሉ የተባሉት ሰው ማለት ነው።

ዜልተር ካረፉ በኋላ አባላቱ በጃንዋሪ 1833 አዲስ መሪ መረጡ፤ ከዕጩዎቹ ሩንገንሃገን 148 ድምፅ፣ ሜንደልሰን 88 ድምፅ አገኙ። የሜንደልሰን ቤተሰብ ከማኅበሩ ወጣ። ሣራ ሌቪ ኖታዎቻቸውን የሰጡት የማኅበሩ ቤተ መዛግብት ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከበርሊን ወጥቶ ደብዛው ጠፋ፤ በ1999 ኪየቭ ውስጥ ተገኝቶ በ2001 ወደ በርሊን ተመለሰ። ከ5,000 በላይ የእጅ ጽሑፍ ኖታዎች ያሉት ይህ ክምችት ዛሬ ለተመራማሪ ክፍት ነው፤ ማኅበሩም ዛሬም ይዘምራል።

በ2029 ለሁለት መቶኛው ዓመት የሜንደልሰን ስም ቀድሞ መጠራቱ አይቀርም፤ ይገባዋልም። የዜልተርና የእነዚያ ስማቸው ያልተጻፈ መዘምራን ድርሻ አብሮ ካልተነገረ ግን የሚከበረው የዴቭሪየንት መጽሐፍ እንጂ የዚያ ምሽት ታሪክ አይሆንም።